ምስጥ ያልበላው ባዘቶ

አጎቴ አራት ጤነኛ ጥርሶች አጥተዋል። የመጀመሪያውን ያስነቀልኳቸው እኔ ነኝ። የቀሩት ሦስቱ የሌሎች ወዳጅ ዘመዶች ጥረት ውጤት ስለሆኑ ምስጋናውን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ።

ሥራዬ ዘገባ ነው። መተማ ዮሐንስ ተቀምጬ ስለ ሰሊጥ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለሚዘጋና ስለሚከፈት መንገድ፣ ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ሸሽቶ ስለሚመጣ ሰው ዜና እልካለሁ። አንድን ነገር ከሁለት ሰው ሳልሰማ አልጽፍም። ከድንበሩ ማዶ ገላባት በኩል ተኩስ ተሰማ ሲሉኝ እንኳ የሰማውን ሰው፣ ከዚያም እሱን የማያውቅ ሌላ የሰማ ሰው እፈልጋለሁ። አጎቴ ቀኝ ጉንጫቸውን ደግፈው "ጥርሴ ሳይሆን አይቀርም" ያሉኝ ቀን ግን አንድ ምንጭ በቃኝ። ምንጩ በሽተኛው ራሳቸው ነበሩ፤ ከዚህ የቀረበ ምንጭ ከየት ይመጣል? በማግስቱ በባጃጅ ወሰድኳቸውና አንድ የመንጋጋ ጥርስ ተነቀለ። የነቀለው ሰው ጥርሱን ብርሃን ላይ አገላብጦ አየና "ምንም አልሆነም እኮ" አለ። ከመንቀሉ በፊት ብሎት ቢሆን ጥሩ መረጃ ነበር።

ሕመሙ ከጥርሱ ጋር አልወጣም።

አጎቴ ሰሊጥ አምራች ናቸው። አባታቸው ከደጋ ወርደው እዚህ ቆላ የሰፈሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት እዚሁ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ላይ ነው። በአገሩ የሚታወቁት ሰሊጣቸው ውስጥ ጠጠር ባለመገኘቱ ነው። ገዢ ሲመጣ በሾጣጣ ብረት ከጆንያው መሐል ናሙና ያወጣል፣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ እፍ ይላል፣ ገለባና አፈር ይፈልጋል። የአጎቴን ሰሊጥ እፍ ያለ ሁሉ ትንፋሹን ነው ያባከነው። እሳቸውም ሲገዙ እንዲሁ ናቸው። ዘር ሆነ፣ ጨው ሆነ፣ ምስማር ሆነ፣ ናሙና በእጃቸው ሳይዙ ቃል አይሰጡም። ባለቤታቸው "እኔን ሲያገቡኝ እንኳ ናሙና አይተው ነው፤ ታላቅ እህቴን" ይላሉ።

እኚህ ሰው በንግግራቸው መሐል ድንገት መቆም ጀመሩ። ቀኝ ፊታቸው ይጨመደዳል፤ እጃቸው ወደ ጉንጫቸው ይነሣና ሳይነካው አየር ላይ ይቀራል፤ ቢነካው ይብሳላ። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ያልፋል። "ራቁት ሽቦ ፊቴ ላይ ለጥፈው ያነሡታል" ይሉ ነበር። ሽቦው የሚለጠፈው ሲያኝኩ፣ ሲናገሩ፣ ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ ነፋስ ሲነካቸው ነው። በአጭሩ፣ ሰው ሆኖ ለመዋል የሚያስፈልገውን ሁሉ ሲያደርጉ።

ቤት ውስጥ ያለው ማራገቢያ ጠፋ። በመተማ ሚያዝያ ላይ ማራገቢያ አጥፍቶ የሚቀመጥ ሰው ወይ መብራት ሄዶበታል፣ ወይ ልቡ። ባለቤታቸው ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ አብረው ተቀመጡ። እህል ቀረ፤ አጥሚት ብቻ፣ እሱም በግራ በኩል፣ በማንኪያ። በመኸር ሰሊጥ ሲራገፍ አጎቴ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ቆሙ። ሠራተኛው ከኋላቸው ሰሊጡን መሬት ላይ ሲደፋው እያወቁ መዞር አልቻሉም። ያን ቀን ማታ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚነግሩኝ ሁሉ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ "እንዲህ ከሆነ ሌላ መኸር አላይም" አሉኝ። እኔም ሁለተኛ ምንጭ ፍለጋ አልሄድኩም። የቀነሰው ክብደታቸው ራሱ ይነግረኝ ነበር።

ከተማችን በሐኪም ብዛት አትታወቅም፤ በምርመራ ብዛት ግን የሚወዳደራት የለም። ትራክተር ነጂው "ብርድ ነው" አለ። ብርድ! በእኛ አገር ብርድ ያለው የለስላሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፣ እሱም መብራት ካለ። አንዲት ጎረቤት "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ጉንጫቸው ላይ አሸችላቸው። አጎቴ ሲናገሩት ሰምቼ የማላውቀውን ቃል ተናገሩ፤ ጎረቤቲቱም መድኃኒቱ መሥራቱን ነገረችን። ከአብርሃ ጅራ የመጣ ዘመድ ሌላ ጥርስ ጠረጠረ፤ ተነቀለ። ከገለጉ የመጣ ዘመድ ከአጠገቡ ያለውን ጠረጠረ። ከገለጉ መተማ ለመድረስ የፈጀበትን መንገድ አስቦ ባዶ እጁን መመለስ እንዳልፈለገ ነው የምገምተው። አራተኛውን ማን እንደጠረጠረ እስካሁን የሚያምን አልተገኘም።

ጠበልም ሄዱ። ቀዝቃዛው ውሃ ቀኝ ፊታቸውን ሲመታው ጮኹ። የተሰበሰበው ሰው ሲጠብቀው የነበረው ይህንኑ ነው።

"ያዘው! ያዘው! ማነህ አንተ? ስምህን ተናገር!"

አጎቴ የራሳቸውን ስም ከነአባታቸው ተናገሩ። ሕዝቡ ቅር አለው።

አጥማቂው ቄስ ግን አስተዋይ ሰው ነበሩ። ዝም በሉ ብለው ውሃውን በግራ ጉንጫቸው አፈሰሱ፤ አጎቴ ዝም አሉ። በቀኝ አፈሰሱ፤ ጮኹ። እንደገና በግራ፤ ዝም። "ሰይጣን ግራና ቀኝ አይመርጥም። ይህን ሰው ሐኪም ዘንድ ውሰዱት" አሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከተደረጉት ምርመራዎች ግራውን ከቀኙ ያስተያየ ይህ ብቻ ነበር። ጥርስ ነቃዩም እኔም አላሰብነውም።

ጎንደር ላይ ያየን ሐኪም ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀ፦ የቱ ጋ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ምን ሲነካዎ። ከዚያ "ጥርስ አይደለም፤ የፊት ነርቭ ሕመም ነው" አለ። አፋቸውን አስከፈተና "እነዚህን ማን ነው የነቀላቸው?" ሲል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ መመሪያ በጥሞና ማንበብ ጀመርኩ። ጠቃሚ መመሪያ ነው።

የታዘዘላቸው ክኒን ለሚጥል በሽታም የሚሰጥ ነበር። ስለዚህ መተማ ስንደርስ አጎቴ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገብቷል። ክኒኑ በመጀመሪያ በደንብ ሠራ። ቀስ በቀስ ግን መጠኑ ጨመረ፣ አጎቴ እየፈዘዙ ግድግዳ ተደግፈው መሄድ ጀመሩ፣ ሽቦውም ተመለሰ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ክኒኑ ከነጭራሹ ይጠፋል። በመጨረሻ መንገዱ የተከፈተ ሰሞን አዲስ አበባ፣ አንዲት የአንጎልና ነርቭ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ደረስን።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የጭንቅላታቸውን የምርመራ ፎቶ መስኮቱ ላይ ለጥፋ በእስክሪብቶ አሳየችን። ከአንጎል ሥር የሚወጣው ነርቭ ላይ አንዲት ቀጭን ደም ሥር ተደግፋለች። ልብ በመታ ቁጥር ትመታዋለች፤ የነርቩ ልባስ ተልጧል።

"የናፍጣ ቱቦ ሽቦ ላይ ሲፋቅ ማለት ነው" አሉ አጎቴ።

"ልክ እንደዚያ ነው አባባ።"

"እኛ መሐሉ ላይ የጎማ ቁራጭ እንወትፋለን።"

"እኛም የምናደርገው እሱን ነው። ከጆሮዎ ኋላ ትንሽ ቀዳዳ እንከፍትና ደም ሥሯን ከነርቩ አላቀን መሐሉ ላይ ትራስ እናደርጋለን።"

"ጎማ?"

"ጎማ አይደለም። ቴፍሎን ይባላል። መጥበሻ ላይ የሚቀባው ዓይነት ነው፤ የእኛው ግን እንደ ባዘቶ የላላ ነው።"

እኔ በዚህ ጊዜ ደብተሬን አውጥቼ አሥራ አንድ ጥያቄዬን መጠየቅ ጀመርኩ። ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጆሮ ይጎዳል ወይ? ደም ቢፈስስ? ሕመሙ ይመለሳል ወይ? ሐኪሟ አንድም ሳትሸፋፍን መለሰችልኝ፦ ጆሮ ሊደክም ይችላል፣ ደም ሊፈስስ ይችላል፣ አንዳንዱ ላይ ሕመሙ ይመለሳል። ሁሉንም ጻፍኩ። በራሴም ረካሁ፤ ለአጎቴ ጥርስ ያልጠየቅኩትን ሁሉ እዚያ የከፈልኩ መስሎኝ።

አጎቴ ግን እጃቸውን ዘረጉ። "በይ ናሙናውን አምጪው።"

"አባባ፣ ንጹሕ ሆኖ የታሸገ ነው፤ አይነካም።"

"ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ሊከርም ነው? ወይስ ሲሻለኝ ይወጣል?"

"እዚያው ይኖራል።"

"እኔ ጆንያዬ ውስጥ ያላየሁትን ነገር አላስገባም ልጄ። ራሴ ውስጥማ!"

አፈርኩ፤ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ሐኪሟ መሳቢያዋን ከፍታ ለተማሪ ማሳያ የምትጠቀምበትን፣ ጊዜው ያለፈበት ፓኬት አወጣች። ቀደደችውና ነጩን ነገር መዳፋቸው ላይ አኖረችው። የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። አጎቴ በሁለት ጣት አሹት፣ ብርሃን ላይ ያዙት፣ ከዚያም፣ ቢሮው ውስጥ ያለነው ሁሉ እያየን፣ እፍ አሉበት።

"ገለባ የለውም" አሉ።

"ደስ ይበልዎ" አለች ሐኪሟ።

"ግን ለምን ከራሴ ሥጋ ቆርጠሽ አታደርጊበትም? የራሴ እያለ የባዕድ?"

"ሲደረግ ነበር። ከራስዎ ጡንቻ ቁራጭ ይደረጋል፤ ችግሩ ሰውነት ውሎ አድሮ ይበላዋል። ያን ጊዜ ደም ሥሯ ተመልሳ ነርቩ ላይ ትወድቃለች።"

አጎቴ ነጩን ነገር መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። "ለካ ውስጤ ምስጥ አለ" አሉ። ናሙናውን በመሐረብ ቋጥረው ኪሳቸው ከተቱት። "አይቼው እደውልልሻለሁ።"

ያዩታል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሐኪሟ አልገባትም። እኔ ገብቶኛል። እኛ ቆላ ቤት የሚሠራ ሰው ምሰሶ ከመቁረጡ በፊት የእንጨቱን ቁራጭ ኩይሳ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። ምስጥ ከበላው ይተወዋል፤ ካልበላው ቤት ይሠራበታል። አናጢ ሊዋሽ ይችላል፣ ሻጭ ይዋሻል፣ ምስጥ ግን ከማንም ጋር አይዛመድም። በመልስ ጉዞው አውቶቡስ ላይ "አጎቴ፣ ጭንቅላትዎ ውስጥ እኮ ምስጥ የለም" አልኳቸው። "ጥርሴም ውስጥ ትል አልነበረም፤ አንቺ ግን አስነቀልሽው" አሉኝ። እስከ ጎንደር ድረስ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ይህ የሆነው ክረምቱ እንደገባ ነው። አጎቴ ከእርሻቸው ዳር ያለውን ትልቅ ኩይሳ መረጡ። ባለቤታቸው ናሙናውን ተቀብለው መጀመሪያ እንዝርት ላይ ሞከሩት።

"ይህ ባዘቶ አይደለም፤ አይፈተልም። ይሾልካል። የሰው ጭንቅላት ውስጥ እንዴት ይቆማል?"

"መፈተሉ አይደለም የተፈለገው" አሉ አጎቴ በግማሽ አፍ።

ናሙናውን ኩይሳው ላይ፣ አጠገቡም ከሚስታቸው እንዝርት የተቆነጠረ እውነተኛ ባዘቶ አኖሩ። በሁለቱም ላይ ገል ደፉባቸው፤ ቦታቸውን በሰሊጥ አገዳ ስባሪ አመለከቱ። አጎቴ፣ ቄሱ ግራውንና ቀኙን ያስተያዩበትን ዘዴ አልረሱትም ማለት ነው። ዜናው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። ለአረም የመጡ ሳሉጎች፣ ማለትም ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች፣ ምሳቸውን ኩይሳው ጥግ መብላት ጀመሩ። አንድ የወሎ ሰው "አባቴ፣ ምስጡ እንቢ ካለ ለኔም ትንሽ ያስቀሩልኝ፤ ጫማዬ ውስጥ እወትፈዋለሁ" አላቸው። አጎቴ ሳቁ፤ ሳቁ ሽቦውን ቀሰቀሰው፤ ፊታቸውን ይዘው ተቀመጡ። የወሎው ሰው ምሳውን ትቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማንም ቀልድ አላመጣም። ሰው የሚመጣው ገሉን አይቶ በዝምታ ለመመለስ ሆነ።

እኔ አልዘገብኩትም። አለቃዬ ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ፤ ስለ ዝናቡ ነገርኩት።

ከሳምንት በኋላ አጎቴ ገሎቹን አነሡ። እውነተኛው ባዘቶ የለም፤ በቦታው ቀይ ጭቃ ብቻ። ናሙናው አለ። አንዲት ክር አልጎደለበትም። ሳሉጎቹ እልል አሉ። እኔም እንደ ዘጋቢ ሳይሆን እንደ እህት ልጅ እጄን አጨበጨብኩ። "ይኸው! አልተበላም!" አልኩ።

አጎቴ ግን የሰሊጥ አገዳውን ስባሪ እያዩ ነበር። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ለኩ። ናሙናው ከምልክቱ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ጭቃ ተለስኖበት፣ ገሉ ጠርዝ ላይ ተጣብቋል።

"አልበሉትም" አሉ። "ገፍተውታል።"

ያን ጊዜ ነው ደብተሬ ትዝ ያለኝ። አሥራ አንድ ጥያቄ። ከእነዚያ ሁሉ መሐል "ቦታውን ይለቅቃል ወይ?" የሚል አልነበረም።

ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለችው ጉብታ ላይ ነው፤ እዚያ ወጣን። አጎቴ ማውራት ስለሚያማቸው ሐኪሟን እኔ ላናግራት አልኩ። እንቢ አሉ፤ ስልኩን በግራ ጆሯቸው ያዙ፤ እኔም ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ ከፈትኩት።

"ልጄ፣ ናሙናሽን አየሁት። አይበሰብስም። ግን የሚገፋው ነገር ካለ ይሄዳል። ያቺ ደም ሥር ቀን ከሌት ስትገፋው አይሄድም?"

ከወዲያ ወንበር ሲሳብ፣ በር ሲዘጋ ተሰማ።

"ሊሄድ ይችላል አባባ" አለች። "ብዙ ጊዜ አይሄድም፤ ግን የሄደበት አለ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሥጋ ይበቅልበትና ጠጥሮ ራሱ ነርቩን ይጫናል። ያን ጊዜ ሕመሙ ይመለሳል። ቀድሜ ልነግርዎ ይገባ ነበር።"

"ታዲያ ምን ይበጃል?"

"በሙጫ ጠብታ እናስይዘዋለን። ሌላው መንገድ ደም ሥሯን ራሷን ከነርቩ አርቆ፣ እንደ ወንጭፍ ባለ ማንጠልጠያ ወደ ጎን አስሮ ማቆየት ነው። የሚቻለው ግን ቦታው ከፈቀደ ነው።"

አጎቴ እዚህ ላይ ሽቦው መጣባቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ፤ ሐኪሟም ከወዲያ ጠበቀች፤ እኛም ጉብታው ላይ ጠበቅን። ሲያልፍ እንዲህ አሉ፦

"ሁለት በሬ ሲዋጋ መሐላቸው ጆንያ አይወተፍም። አንዱን ጎትተሽ ራቅ አድርገሽ ታስሪዋለሽ። እሰሪልኝ። ካልታሰረልሽ ጆንያውን ወትፊ፤ ሙጫውን ግን አትርሺ።"

ሐኪሟ ሳቀች። "ከፍቼ ሳየው የሚሆነውን አደርጋለሁ፤ ከእርስዎ ተደብቄ ግን ምንም አላስገባም" አለች።

"በቃ፣ እመጣለሁ።"

እኔ በልመና ማሳመን ያልቻልኳቸውን ሰው አንድ የምስጥ መንጋ በሳምንት አሳመናቸው። ስለ ማሳመን ችሎታዬ ከዚያ ወዲህ አላወራም።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገው ሰሊጡ ሳይታጨድ ነው። ስለ ቀኑ ብዙ የምለው የለኝም፤ ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ፣ የሰጡኝን ሻይ አቀዝቅዣለሁ። ሐኪሟ ስትወጣ ደም ሥሯን ወደ ጎን ማሰር እንደቻለች፣ ደም ሥሯ ልትመለስበት ትችላለች ብላ ለጠረጠረችው ጠርዝ ደግሞ ከዚያ ነጭ ነገር ትንሽ ቁንጥር አድርጋ በሙጫ እንዳስያዘችው ነገረችኝ። "ለአባባ ሁለቱንም ንገሪያቸው፤ ዕቃውም እንደ ናሙናው ነው በያቸው" አለችኝ።

አጎቴ ከነቁ በኋላ ነርሷ ፊታቸውን በእርጥብ ፎጣ ጠረገችላቸው። ፎጣው ቀኝ ጉንጫቸውን አለፈ። ፊታቸው አልተጨመደደም።

"ድገሚው" አሏት።

ደገመችው። ባለቤታቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ቀኝ ጆሯቸው ትንሽ ደንዝዟል፤ ሐኪሟ ካስጠነቀቀችን አንዱ ይህ ነበር። አጎቴ ቅሬታ የላቸውም። "ሚስቴ የምትተኛው በዚያ በኩል ነው" ይላሉ። ባለቤታቸውም ወዲያው ወደ ግራ በኩል ዞረው መተኛት ጀመሩ። ማራገቢያው ቀን ከሌት ይዞራል፣ መብራት ሲኖር። ሕመሙ ይመለስ ይሆን? ሐኪሟ አልማለችም፤ እኔም አልምልም። እስካሁን አልተመለሰም። የማውቀው ይህን ያህል ነው፤ ምንጬም ሁለት ነው፤ እሳቸውና ባለቤታቸው።

በኅዳር፣ ታስሮ የቆመው ነዶ ደርቆ ሰሊጡ ሲራገፍ፣ እርሻው ላይ ሄድኩ። ነፋሱ ከሱዳን በኩል አቧራውን ይዞ ይመጣል። አጎቴ ፊታቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ሰሊጡ የሚራገፍበት ሸራ ራስ ላይ ቆመዋል። ገለባው ቀኝ ጉንጫቸው ላይ ይለጠፋል፤ አያራግፉትም። ያ የወሎው ሰው ነዶውን ከሸራው ውጭ ሲያራግፍ በሙሉ አፋቸው ሰደቡት። ስድቡ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ሄደ። የወሎው ሰው እንደተመረቀ ሰው ፈገግ አለ።

እኔን ሲያዩ ከኪሳቸው የሽምብራ ቆሎ አወጡና ዘገኑልኝ። ራሳቸውም አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። ጉንጫቸው በግራ በኩል ይንቀሳቀሳል።

"በቀኝም እኮ ማኘክ ይችላሉ አሁን" አልኳቸው።

"እችላለሁ። ሐኪሟ ፈቅዳልኛለች" አሉ፤ አፋቸውን ከፍተው ባዶውን ድድ በጣታቸው አሳዩኝ። "በምን?"

"አንዱ ብቻ ነው የኔ" አልኩ።

"እሱ ነበር ደህናው" አሉና ወደ ነፋሱ ዞሩ።